አክስቴ፣ እቁቡና ግሬስ ሆፐር

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት አሜሪካዊት ሴት ነው። ከሞተች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል። ስማርት ስልክ የሚባል ነገር ሳታይ ነው ያለፈችው። ስልካችሁ ላይ ያሉት አፖች ግን እሷ ከጠረጉት ሰዎች አንዷ በሆነችበት መንገድ ነው የተሠሩት። ወደ እሷ ከመግባቴ በፊት የራሴን ጥፋት ልናገር፤ ምክንያቱም ታሪኳን ደጋግሜ እንዳነብ ያደረገኝ እሱ ነው።

እኔ ኮድ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። አክስቴ ደግሞ የሰፈራችን እቁብ ጸሐፊ ናት። መዝገቧ ጠርዙ የተላላጠ ደብተር ነው። ስም፣ ወር፣ የገባ ብር፣ አለቀ። በዚያ ደብተር ላይ አንድም ሰው ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም። እኔ ዘመናዊው ልጅ ግን ደብተሩን አይቼ አዘንኩላት። በሁለት ሳምንት አንድ አፕ ሠራሁና ስልኳ ላይ ጫንኩላት። ቁልፎቹ እንግሊዝኛ፣ ቀኑ የፈረንጅ። ይመቻት አይመቻት እንኳ አልጠየቅሁም። በወሩ ያልከፈለ ሰው ካለ አፑ ራሱ መልእክት ይልካል፤ በተለይ በዚህ በጣም ኮርቼ ነበር።

እቁቡ የሚከፈለው በየወሩ በ28 ነው። አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን የነሐሴውን በቀኑ ከፈሉ። ለመስቀል አገር ቤት ሊወርዱ ስለነበር የመስከረሙን ደግሞ ቀደም ብለው በ5 ከፍለው ሄዱ። እስቲ አሁን ስሌቱን ተመልከቱ። ነሐሴ 28 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 3 ነው። መስከረም 5 ደግሞ ሴፕቴምበር 15። ለእኔ አፕ ሁለቱም አንድ ወር ናቸው። ኦክቶበር ላይ ከእሳቸው የገባ ብር የለም። ስለዚህ ኦክቶበር ሲያልቅ፣ ከሁሉም ቀድመው በከፈሉት ሴት ስልክ ላይ አልከፈሉም የሚል መልእክት ገባ። ያውም በእንግሊዝኛ። ያነበበላቸው የልጅ ልጃቸው ነው።

እሳቸው ምንም አላሉም። ቡና መምጣት ብቻ አቆሙ። እቁብ ደግሞ እንደምታውቁት በመተማመን የሚቆም ነገር ነው፤ ጸሐፊው ሰው ያለ ዕዳው ባለዕዳ ካደረገ ነገ ማን ብሩን ይሰጠዋል?

አክስቴ ስትደውልልኝ አፑ ባግ ሳይኖረው አይቀርም አልኳት። የምን በግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ባግ ማለት በእንግሊዝኛ ትንሽ ነፍሳት ማለት ነው፤ እኛ ኮድ ጸሐፊዎች ለስህተት እንጠቀምበታለን። ያን ቀን ማታ ቃሉ ከየት እንደመጣ ስፈልግ ነው ግሬስ ሆፐርን በደንብ ያወቅኋት።

ሰዓት የምትፈታው ልጅ

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ የፈረንጅ ናቸው። ያ ሁሉ ከደረሰ በኋላ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳልናገር አላልፍም።

ግሬስ የተወለደችው በ1906 ኒውዮርክ ውስጥ ነው። የ7 ዓመት ልጅ ሳለች የማንቂያ ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ አንዱን ፈታችው። መልሳ መግጠም ሲያቅታት ሌላውን ፈታች፤ ከዚያ ሌላውን። እናቷ ሲነቁባት 7 ሰዓት ተበታትኗል። ከዚያ በኋላ እንድትፈታ የተፈቀደላት አንድ ሰዓት ብቻ ነበር።

በቫሳር ኮሌጅ ሒሳብና ፊዚክስ ተምራ በ1928 ተመረቀች። በ1934 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ዶክትሬቷን ያዘች። በዚያ ዘመን ለአንዲት ሴት ይህ ቀላል አልነበረም። ወደ ቫሳር ተመልሳ ስታስተምር ሕይወቷ እዚያው የሚያልቅ ይመስል ነበር።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በ1941 መጨረሻ አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ግሬስ ባሕር ኃይል ልግባ አለች። ዕድሜሽ ገፍቷል ተባለች። ክብደቷም ከሚፈለገው 7 ኪሎ ያህል ያንስ ነበር። የሒሳብ አስተማሪነትም ቢሆን በጦርነቱ ጊዜ ከሚፈለጉት ሙያዎች አንዱ ስለሆነ እዚያው ቆዪ የሚል ምክንያት መጣ። እሷ ግን አለቀቀችም። ልዩ ፈቃድ አስፈቅዳ በ1943 መጨረሻ ቃለ መሐላ ፈጸመች፤ ስልጠናውንም ከክፍሏ አንደኛ ሆና ጨረሰች። የተመደበችው ግን መርከብ ላይ አይደለም። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተልካ አንድ ግዙፍ ማሽን ፊት ቆመች።

ማርክ 1 ይባላል። ርዝመቱ 15 ሜትር ያህል፣ ክብደቱ 5 ቶን ገደማ ነው። በሰከንድ 3 ጊዜ ይደምራል። አንድ ማካፈል ለመሥራት 15 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ትዕዛዝ የሚቀበለው ቀዳዳ በተበሳበት የወረቀት ጥቅል ነው። አንዲት ቀዳዳ ቦታዋን ከሳተች ስሌቱ በሙሉ ገደል ገባ። አሁን ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ በአንድ ሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ስሌት ይሠራል። ግሬስ ግን ያንን ግዙፍ ብረት ስታይ ከልጅነቷ ጀምሮ ካየቻቸው ሰዓቶች ሁሉ የሚበልጥ መፈታት ያለበት ነገር አገኘች። ከመጀመሪያዎቹ ፕሮግራመሮቹ አንዷ ሆነች፤ ከ500 ገጽ በላይ የሆነውን የአጠቃቀም መመሪያውንም ጻፈች።

የእሳት እራቷ ነገር

የባግ ታሪክም እዚህ ጋ ነው። በሴፕቴምበር 1947 ማርክ 2 የሚባለው ተከታዩ ማሽን አስቸገረ። ሠራተኞቹ ውስጡን ሲፈትሹ አንዲት የእሳት እራት ከማብሪያ ማጥፊያዎቹ አንዱ ውስጥ ተጣብቃ ሞታ አገኙ። አውጥተው በመዝገቡ ላይ በፕላስተር ለጠፏት። መዝገቡ ከነእራቷ ዛሬም በአሜሪካ ስሚትሶኒያን ሙዚየም አለ።

ቲክቶክ ላይ ይህን ታሪክ ስታዩ እራቷን ያገኘችው ግሬስ እንደሆነች፣ ቃሉም ያን ቀን እንደተወለደ ይነገራችኋል። ሁለቱም ልክ አይደለም። ያገኟት ባልደረቦቿ ናቸው። መሐንዲሶች ደግሞ ቃሉን ከዚያ በፊት ለብዙ አሥርት ዓመታት ይጠቀሙበት ነበር። ግሬስ ታሪኩን ስለምትወደው በየሄደችበት አወራችው፣ በዚያው ከስሟ ጋር ተጣበቀ። ለእሷ የሚገባት ዝና ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ሁለት ዓለም ውስጥ መኖር

ጦርነቱ ሲያልቅ ነገሮች አልተመቿትም። በ1945 ትዳሯ ፈረሰ። ሃርቫርድም ቋሚ ቦታ አልሰጣትም። በእነዚያ ዓመታት መጠጥ ክፉኛ ፈትኗታል። በ1949 ፊላደልፊያ ወደሚገኝ ትንሽ የኮምፒውተር ኩባንያ ስትገባ 42 ዓመቷ ነበር። እኛ አገር በ30 ዓመቱ ኮድ ለመማር ረፈደብኝ የሚል ሰው ስንት አለ! እሷ ትልቁን ሥራዋን የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው።

እዚያ የገጠማት ነገር ነው እኔን በጣም ያሳቀኝና ያሳፈረኝ። የኩባንያው ማሽን እንደ እኛ በ10 ሳይሆን በ8 የሚቆጥር ነበር። በዚህ አቆጣጠር 8 እና 9 የሚባሉ ቁጥሮች የሉም፤ ከ7 ቀጥሎ 10 ይመጣል። ግሬስ ቀን ሙሉ በ8 ስትደምር ስትቀንስ ውላ ቤቷ ትገባለች። ከጊዜ በኋላ የባንክ ሒሳቧ አልገጥም አላት። ደመረች፣ ቀነሰች፣ እንቢ አለ። ወንድሟ የባንክ ሰው ነበርና ይዛለት ሄደች። ሲፈትሽላት ለካስ አልፎ አልፎ የራሷን ብር በማሽኑ አቆጣጠር ስትቀንስ ኖራለች!

የሒሳብ ዶክተሯ የራሷን ሒሳብ ያበላሸችው ስለማታውቅ አይደለም። ማሽኑ ወደ እሷ መምጣት ሲገባው እሷ ወደ ማሽኑ ስለሄደች ነው። ይህን ሳነብ አክስቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። ነሐሴ 28ን ሴፕቴምበር 3 ብላ እንድትጽፍ ያደረግኋት እኔ ነኝ።

ማሽኑ ራሱ ይገልብጥ

ግሬስ ሌላም ነገር አስተዋለች። ፕሮግራመሮች አንዴ የሠራላቸውን የኮድ ቁራጭ ደብተር ላይ ጽፈው ያስቀምጡና ለሌላ ሥራ ሲፈልጉት በእጃቸው ይገለብጡታል። ሲገለብጡ ይሳሳታሉ፤ አንዱን ምልክት ከሌላው ያምታታሉ። እሷም ራሷን ጠየቀች፤ መገልበጥና መደመር የማይሰለቸው ማሽን እያለ ሰው ምን አስገለበጠው? ቁራጮቹ ቁጥር ተሰጥቷቸው ማሽኑ ውስጥ ይቀመጡ፤ ሰው የትኛውን እንደሚፈልግ ይንገረው፤ ፈልጎ የሚገጣጥመው ማሽኑ ይሁን።

በ1952 ኤ-ዜሮ የተባለውን ፕሮግራም ሠርታ አሳየች። ከዓለም የመጀመሪያዎቹ ኮምፓይለሮች አንዱ ነው። ኮምፓይለር ማለት ሰው የጻፈውን ወስዶ ማሽን ወደሚገባው ትዕዛዝ የሚለውጥ መሣሪያ ነው። የእሷ የመጀመሪያ ሥራ ከዛሬዎቹ አንጻር ገና ጀማሪ ነበር፤ መንገዱን ግን ከፈተ። ዛሬ አንድ የስልክ አፕ ስንሠራ ይህ ለውጥ ሳይኖር አይታሰብም።

ታዲያ ተጨበጨበላት? የለም። ለረጅም ጊዜ የሚያምናት አጣች። ኮምፒውተር ሒሳብ እንጂ ፕሮግራም መሥራት አይችልም ተባለች። እየሠራ ያለ ነገር በእጇ ይዛ! የማሽኑን ቋንቋ በብዙ ልፋት የተማሩት ሰዎችም ሙያቸው የሚረክስ መሰላቸው።

ዛሬ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ እየታገዙ ኮድ የሚጽፉ ወጣቶች እውነተኛ ፕሮግራመር አይደላችሁም ሲባሉ እሰማለሁ። ያው የድሮው ክርክር ነው። እኔም አንዳንዴ እንደዚያ እላለሁ፣ አልዋሽም። ግን መሣሪያ መጠቀም ነውር ቢሆን ኖሮ እኔም ኮምፓይለር ትቼ ወረቀት መብሳት ነበረብኝ።

ፈረንሳይኛ የሚገባው ማሽን

ግሬስ በዚህ አላበቃችም። ደመወዝና የመጋዘን ሒሳብ የሚሠሩ ሰዎች የሒሳብ ምልክት ተምረው ኮድ መጻፍ የለባቸውም፤ በሚያውቁት ቃል ማዘዝ መቻል አለባቸው አለች። በ1950ዎቹ አጋማሽ ከቡድኗ ጋር በእንግሊዝኛ ቃላት የሚታዘዝ ፕሮግራም ሠራች። ለአለቆቿ ስታሳይ ግን አንድ ነገር ጨመረች። ያንኑ ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላትም ጽፋ አሠራችው። ለማሽኑ እንግሊዝኛ የተለየ ቦታ የለውም፤ ቃሉን ብትቀይሩት ሥራው አይቀየርም።

አለቆቹ ደነገጡ። አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ኮምፒውተር ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ እንዴት ይገባዋል? ነገሩ አደገኛ መስሎ ታያቸው። ሥራው እንዲቀጥል ግሬስ በእንግሊዝኛ ብቻ እንደምትሠራ ለማሳመን ወራት ፈጀባት።

እዚህ ጋ ስደርስ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ አሰብኩ። ኮምፒውተር እንግሊዝኛ ብቻ ይገባዋል የሚለው ነገር የማሽኑ ተፈጥሮ አይደለም። የሰዎች ውሳኔ ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ቁጭ ብለው የደከሙ ሰዎች ስለነበሩ ነው ዛሬ ይህን ጽሑፍ በአማርኛ የምታነቡት። እኔስ? ፊደሉ ተዘጋጅቶልኝ፣ ስልኩ አማርኛ እያነበበ፣ ለአክስቴ እንግሊዝኛ ሰጠኋት። ማንም አላስገደደኝም።

አንድ ኮድ፣ ሁለት ማሽን

በ1959 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር፣ ኩባንያዎችና ባለሙያዎች ተሰብስበው ለሁሉም ማሽን የሚሆን አንድ የንግድ ሥራ ቋንቋ እንዲሠራ ተስማሙ። ኮቦል የተባለው እሱ ነው። ግሬስን የኮቦል እናት ይሏታል። እውነቱን ለመናገር ኮቦል የኮሚቴ ሥራ ነው፤ እሷ አማካሪ ነበረች። መሠረት የሆነው ግን በአብዛኛው የእሷ ቋንቋ ነው። በዲሴምበር 1960 አንድ የኮቦል ፕሮግራም በሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ማሽኖች ላይ ሠርቶ ታየ። ዛሬ አንድ ኮድ ጽፎ አንድሮይድም አይፎንም ላይ ማሠራት የለመደ ሰው ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበር ላይገባው ይችላል።

ኮቦል አልሞተም። ብዙ ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች ዛሬም ይሠሩበታል። በ2020 ኮሮና ሲመጣና ሥራ ያጣው ሰው ሲበዛ የኒው ጀርሲ ግዛት አስተዳዳሪ ኮቦል የሚችል ሰው ይርዳን ብለው በአደባባይ ለምነዋል።

ጡረታ እንቢ ያላት አድሚራል

ባሕር ኃይሉ በ1966 በጡረታ አሰናበታት። 60 ዓመቷ ነው። ዓመት ሳይሞላ ለ6 ወር እንድታግዝ ተጠራች። 6 ወሩ 19 ዓመት ያህል ሆነ! መሐል ላይ እንደገና ጡረታ ወጥታ እንደገና ተጠርታለች። በመጨረሻ በ1986 አድሚራል ሆና ስትሰናበት 79 ዓመቷ ነበር፤ በጊዜው በባሕር ኃይሉ በሥራ ላይ ካሉ መኮንኖች በዕድሜ ትልቋ። ከዚያም አላረፈችም፤ አንድ የኮምፒውተር ኩባንያ ውስጥ አማካሪ ሆነች።

በእነዚህ ዓመታት ለወጣቶች ስታስተምር ወደ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሽቦ ታድል ነበር። ብርሃን በአንድ ናኖ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ የሚጓዘው ያንን ያህል ነው። ጄኔራሎች በሳተላይት የተላከ መልእክት ለምን ይዘገያል ሲሏት ሽቦውን ታወጣለች፤ ከዚህ እስከ ሳተላይቱ ስንት እንደዚህ ዓይነት ሽቦ እንዳለ አስቡት ለማለት። እኔ ሽቦ የለኝም፤ ግን ስልካችሁን ያዙ። ፕሮሰሰሩ 2 ጊጋ ኸርዝ ከሆነ በአንድ ምቱ መካከል ብርሃን የሚሄደው 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ይኸው የስልካችሁ ቁመት ያህል።

ቢሮዋ ግድግዳ ላይ ደግሞ ወደ ግራ የሚዞር ሰዓት ሰቅላለች። ቁጥሮቹም ተገልብጠዋል፤ ሰዓቱን ግን በትክክል ይነግራል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንሠራው የሚለውን ምክንያት አጥብቃ ትጠላ ነበርና ለሚመጣው ሁሉ በሰዓቱ መልስ ትሰጠዋለች። እኛ ፀሐይ ስትወጣ 12 ሰዓት የምንል ሰዎች ነገሩ ቶሎ ይገባናል።

ግሬስ ሆፐር በጃንዋሪ 1 ቀን 1992 በ85 ዓመቷ አረፈች። በአርሊንግተን መካነ መቃብር ተቀበረች። አንድ የጦር መርከብ በስሟ ተሰይሟል። በ2016 ደግሞ ፕሬዚዳንት ኦባማ ትልቁን የሲቪል ሜዳሊያ ከሞተች በኋላ ሰጥተዋታል።

ስህተቱ የማን ነበር?

ወደ እቁቡ ልመለስ። ኮዴን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩት። ምን ልበላችሁ፣ ባግ አልነበረውም። ኮምፓይለሩ አንድም ስህተት አላገኘበትም። ያልኩትን በትክክል ሠርቷል። የተሳሳተው እኔ ያልኩት ነው። ኮምፓይለር የጻፍኩትን ይተረጉምልኛል፤ አክስቴ ወር ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ግን ሄጄ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። አርቴፊሻል ኢንተለጀንስም ይህን ከኔ አይወስድልኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ቡና ይዤ ከአክስቴ ጋር ጎረቤታችን ቤት ሄድን። ጥፋቱ የኔ እንጂ የአክስቴ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ደብተሩን ገልጠን አየነው፤ ነሐሴ ከፍለዋል፣ መስከረም ከፍለዋል። ዝም ብለው ቆዩና ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ እንዳትልክብኝ አሉ። እሺ አልኩ።

አፑን እንደ አዲስ ሠራሁት። ቁልፎቹ አማርኛ ናቸው። ወሩ 13 ነው፣ ጳጉሜንም አለች። ሰዓቱ የእኛ ነው። መልእክት ለማንም አይልክም፤ ያልከፈለ ካለ ለአክስቴ ብቻ ያሳያል፣ መጠየቅ ካለበት እሷ ቡና ላይ ትጠይቃለች። ሳልጭነው በፊት አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስትነካካው አየሁ። የትኛው ቁልፍ ላይ እጇ እንደሚያመነታ እያየሁ ጻፍኩ፤ በሁለት ሳምንት ያለቀው ሥራ አሁን ሁለት ወር ፈጀ።

ደብተሩን ግን አልተወችም። እስካሁን ሁለቱንም ትጽፋለች። በወሩ መጨረሻ ታስተያያቸዋለች፣ ከዚያ ትደውልልኛለች፤ በግ የለበትም ትለኛለች።

ቸር እንሰንብት።